ጭሮ ላይ ዝም፣ ቦርደዴ ላይ ጩኸት

ጭሮ፣ ጠዋት

ቅዳሜ ጠዋት ከጭሮ መናኸሪያ ስነሣ በአንድ እጄ የልብስ ቦርሳ ይዤ፣ በሌላው ካርቶን ውስጥ የገባ የኮምፒውተር ሲፒዩ ታቅፌ ነበር። ሲፒዩው የእኔ አይደለም፤ ቦርደዴ ላይ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ያላት የታላቅ እህቴ የእትዬ በላይነሽ ነው። የጉዞዬም ዓላማ ይህ ዕቃ የትኛው ከተማ ሲደርስ መጮህ እንደሚጀምር ማወቅ ነው። እንዲህ ላለ ጉዳይ መንገድ የወጣ ሌላ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ እኔ እንኳ ሳወራው ያሳፍረኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት እህቴ ስትደውልልኝ ከድምጿ ኋላ የወፍጮ ቤት ዓይነት ጩኸት እሰማ ጀመር። "ምንድን ነው እትዬ?" ስላት፣ "ኮምፒውተሩ ነዋ፤ ሊፈነዳ ነው መሰለኝ" አለችኝ። በሚኒባስ ላከችልኝና ጥገና ቤት ላለው ለአብዲ ሰጠሁት። አብዲ ሲከፍተው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው፣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን፣ ማራገቢያው በአቧራ ታፍኗል። በብሩሽ ጠረገው፣ ዘይት ጠብ አደረገበትና "እትዬ ከአቧራ ይጠብቁት" ብሎ መለሰልኝ። እኔም መልእክቱን ሳላጓድል ነገርኳት።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ውስጥ ያው ጩኸት ተመለሰ። ሲፒዩውም ተመለሰ። አብዲ ቢሰካው ግን ጭጭ! ለማንኛውም ብሎ ማራገቢያውን ለወጠው። ላክሁላት፤ ጮኸ። አመጣሁት፤ ዝም አለ። ፓወር ሰፕላዩን እንዳለ በአዲስ ቀየረው። ላክሁላት፤ አሁንም ጮኸ። ያኔ እኔም አብዲም እርስ በርስ መተያየት ጀመርን።

"ጋሼ ጌታሁን፣ ወላሂ ግራ ገባኝ" አለኝ አብዲ ባለፈው ሳምንት፣ ሲፒዩውን ጠረጴዛው ላይ አስነሥቶ ቀኑን ሙሉ ካዋለው በኋላ። "የምለውጠው ዕቃ አለቀብኝ። የቀረው አገሩን መለወጥ ነው። ቦርደዴ በረሃ ነው፤ ሙቀቱን አልቻለውም።"

እውነቱን ልናገርና፣ ይህ ፍርድ ደስ አሰኘኝ። ባሏ ካረፈ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ "ብቻዋን በረሃ ላይ ምን ትሠራለች?" እያለ ነው። ባለቤቴ የጓሮውን ክፍል ጠርጋ አልጋ ዘርግታላታለች፤ የቀረችው እንግዳዋ ብቻ ናት። እትዬ በላይነሽ ደግሞ እልኸኛ ናት፤ ስንለምናት "ሥራዬስ?" ብላ ወሬ ትለውጣለች። በመጨረሻ ግን በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ "እሺ፣ ሙቀቱ ከሆነ ቤቱን ዘግቼ እመጣለሁ። ብቻ አንተው ራስህ ይዘኸው ና፤ ዐይኔ እያየ ይጣራ።" የእህቴ መኖሪያ እንግዲህ በዚህ ካርቶን ሊወሰን ነው።

ቁልቁለቱ

የሚኒባሱ ረዳት ካርቶኑን ጣሪያ ላይ ልጫን አለ። አይጫንም አልኩ። "እንግዲያው ወንበር ከያዘ የሰው ሒሳብ ይከፍላል" አለኝ። ከፈልኩ። ሲፒዩው በመስኮት በኩል ተቀመጠ፤ እኔ መሐል፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ ጫታቸውን በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለሉ አንድ ሽማግሌ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉኝ።

"ኮምፒውተር ነው አባባ።"

"ታሟል?"

"ጭሮ ላይ ደህና ነው። ቦርደዴ ሲደርስ ይጮሃል።"

ሽማግሌው "እኔም እንደሱ ነኝ። ቆላ ስወርድ ራሴን ይበጠብጠኛል" አሉ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከአብዲ ይልቅ እሳቸውን አመንኩ።

ከጭሮ ወደ ሚኤሶ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። መጀመሪያ የጫትና የማሽላ እርከን ነው፤ ጭጋጉ ገና ከተራራው ጫፍ አልተነሣም። ትንሽ ወረድ ሲሉ ማሽላው ይሳሳል፤ ግራር ይጀምራል፤ መሬቱ ይቀላል። መጀመሪያ ጃኬቴን፣ ቀጥዬ ሹራቤን አወለቅሁ። በየመታጠፊያው ካርቶኑን ደገፍ ሳደርግ ረዳቱ በመስተዋት እያየ ይስቅብኛል። ፍየል ነጂዎችና ግመሎች መንገዱን ሲዘጉ ሾፌሩ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ይነፋል። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ነው፤ የተሰካ ነገር ሳይኖር እንኳ ጆሮዬን ካርቶኑ ላይ እጥላለሁ።

ሚኤሶ

ሚኤሶ ላይ ሆን ብዬ ወረድኩ። ቆላነቱ እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ሙቀቱ ከሚኒባሱ በር ላይ ነው የተቀበለኝ። የወይዘሮ ፋጡማ ሻይ ቤት ገብቼ ሰላምታ ካቀረብኩ በኋላ ሶኬት ለመንኳቸው።

"ሰካው ልጄ፣ አብሽር" አሉኝ።

ስክሪን አያስፈልገኝም፤ የምፈልገው ድምፁን ነው። ሲፒዩውን ከካርቶኑ አውጥቼ ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ አቆምኩትና ቁልፉን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ። ሹክሹክታ እንጂ ጩኸት የለም። በግመል ወተት የፈላ ሻይና ሳምቡሳ አዝዤ ጠበቅሁ። ሻይ የሚጠጡት ሁሉ ወንበራቸውን አዙረው ከእኔ ጋር መጠበቅ ጀመሩ።

"ምን ያደርጋል?" አሉ ወይዘሮ ፋጡማ።

"ምንም አያደርግ። መጮህ ነበረበት።"

"ቢጮህ ነው የሚሻልህ?"

ሁለተኛ ሻይ ጠጣሁ፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ፤ ሲፒዩው ግን ወይ ፍንክች! "ሙቀት ከሆነ ይኸው ሙቀት!" አልኩ ጮክ ብዬ። ወይዘሮ ፋጡማ በሻሻቸው እያራገቡ "ይቺ ምን ሙቀት ናት? ሙቀትስ ቦርደዴ" አሉኝ። የቦርደዴ ሰዎች ደግሞ "ሙቀትስ አዋሽ" እንደሚሉ አውቃለሁ። የአብዲ ፍርድ ከእጄ ሊያመልጥ ሲሆን ተሰማኝና ከፋኝ። ይህ ዕቃ ምን ይሁን ነው የሚለው?

አሰቦት

አሰቦትም ለመሞከር አስቤ ነበር። መብራት የለም። ሚኒባሱ ተሳፋሪ እስኪሞላ ከጥላ ሥር ካርቶኔን ታቅፌ ተቀምጬ የአሰቦትን ተራራ አየሁ። ምናልባት የቦርደዴ ኤሌክትሪክ ኃይለኛ ይሆን? ምናልባት ነፋሱ? ምናልባት ሰይጣን? እዚህ ላይ ስደርስ ማሰቡን ተውኩት።

ቦርደዴ

እትዬ በላይነሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችኝ። ተሳስመን ሳንጨርስ ካርቶኑን ተቀበለችኝና እንደ ሕፃን አገላብጣ አየችው። "አልተቧጨረም?" አንድ ገበሬ ማመልከቻ ሊያስጽፉ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

ሲፒዩውን ከስክሪኑ ጋር አገናኘን። ተነሣ። ዝም። እህቴ ምሳ እስክታቀርብ፣ እኔ በልቼ እጄን እስክታጠብ፣ ዝም። ገበሬው እንኳ "ደህና ነው እኮ" አሉ።

እህቴ ፊቷ ተለዋወጠ። "ስዋሽ የነበርኩ ይመስልሃል?"

"ኧረ እትዬ፣ በስልክ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።"

"እንግዲያው ምን ነካው? አንተን ፈርቶ ነው?" አለች። መልሳ ግን ፈገግ አለች። "ይሁን። ዳነ ማለት ነው። በል አባቴ፣ ልብስህን ልበስ።"

ይህን የተናገረችው ለእኔ መስሎኝ ጃኬቴን ፈለግሁ። እሷ ግን ከመደርደሪያው ላይ የታጠፈ ነገር አውርዳ ሲፒዩውን አለበሰችው። መጀመሪያ ልብስ ሰፊ ለክቶ የሰፋው፣ ገበር ያለው ወፍራም ሽፋን፤ ለቁልፉ ብቻ ከፊት ቀዳዳ ተትቶለታል። ከዚያ በላይ ራሷ የሠራችው ነጭ ዳንቴል። ለባሏ አርባ ስመጣ ይህ ሁሉ አልነበረም።

"አብዲ ከአቧራ ጠብቂው ብሎኝ የለ" አለች ሳየው። "ሲፒዩው ወደ ጭሮ ሲላክ ግን ሽፋኑን አልሰድም፤ መንገድ ላይ ይቆሽሽብኛል።"

"ስትሠሪም አይወልቅም?"

"አቧራው መቼ ሥራ አቁሞ ያውቃል?"

የገበሬውን ማመልከቻ መጻፍ ጀመረች። ጥቂት መስመር እንደሄደች ሹክሹክታው ወፈረ። ከዚያ ፉጨት ሆነ። ከዚያ ያ የማውቀው የወፍጮ ቤት ድምፅ ቤቱን ሞላው። እህቴ ከወንበሯ ዘለለች፤ ስታየኝ ደስታ ይሁን ድንጋጤ ያልለየለት ፊት ነበራት። "ይኸው! ሰማህ? ሰማህ አይደል?" እየሮጠች ከጓዳ የታጠፈ ብርድ ልብስ አመጣችና ደረበችበት። "ደንበኛ እንዳይሸሽ እንዲህ ነው የማደርገው።"

እኔ ጎንበስ ብዬ እጄን በስተኋላ በኩል ሰደድኩ። ሽፋኑ ከእሳት የወረደ ድስት ይዤበት የማውቀውን ጨርቅ ያህል ይፋጃል። ፓወር ሰፕላዩ ትኩሱን አየር የሚተፋባት ወንፊት መሳይ ቀዳዳ በገበሩ፣ በዳንቴሉና በብርድ ልብሱ ተደፍናለች። ያ ምስኪን ማራገቢያ ትንፋሽ አጥሮት ነው የሚጮኸው! ጭሮ ላይ ራቁቱን ነው፤ ሚኤሶ ላይ ራቁቱን ነው። ልብስ ያለው ቦርደዴ ላይ ብቻ ነው።

እህቴ ከኋላዬ ቀስ ብላ "በቃ፤ የቦርደዴ ሙቀት ነው። ቃሌ ቃል ነው፣ እመጣለሁ" አለች። ቀና ብዬ ሳያት እኔን አልነበረም የምታየው። ግድግዳው ላይ በእጇ የጻፈችውን የዋጋ ዝርዝር፣ ማመልከቻቸውን የሚጠብቁትን ገበሬ፣ የተደረደረውን ወረቀት ነበር የምታየው። እጄ አሁንም ጨርቁ ሥር ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም። አልጋው ተዘርግቷል፤ ቤተሰቡ ይደሰታል፤ እኔም ነገ እህቴን ይዤ እገባለሁ። ይህን አሰብኩ፤ አላሰብኩም አልልም።

ብርድ ልብሱን አነሣሁ። ዳንቴሉን አነሣሁ። ሽፋኑን ገፈፍኩት።

"ምን ታደርጋለህ?"

"ቆይ እትዬ፣ ስሚ።"

ሦስታችንም ቆመን ሰማን። ወፍጮው ወደ ፉጨት፣ ፉጨቱ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ቀስ በቀስ የውጪው ድምፅ ገባ፤ ባጃጅ፣ የልጆች ጨዋታ፣ የአስፋልቱ ከባድ መኪና።

እህቴ ሽፋኑን ከእጄ ተቀብላ ገለባበጠችው። "እኔ ነኝ ያፈንኩት?" አለች። "ሲጮህ ሲጮህ እደርብበታለሁ፤ ስደርብበት ይብስበታል…" እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጡባት። ከዚያ ድንገት ቀጥ ብላ አየችኝ። "ሙቀቱ አይደለም ማለት ነው።"

"አይደለም እትዬ።"

"እንግዲያው አልመጣም።"

"አትመጪም" አልኩ። ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ወደ ገበሬው ዞራ "የት ላይ ነበርን አባቴ?" አለች።

ተመልሶ ጭሮ

በማግስቱ ስመለስ ከጎኔ ወንበር የሚከፈልለት ዕቃ አልነበረኝም። ሽቅቡን ስንወጣ ሹራቤን፣ ከዚያ ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ከኋላዬ ሰው ፈለገች። "ሙቀቱ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። ነገርኳት። ሄዳ የጓሮውን አልጋ አንሶላ አጠፈች፤ እኔም ፍራሹን አብሬያት አነሣሁ። አብዲ ሲሰማ ራሱን ይዞ ሳቀ፤ እሱ "ይጠብቁት" እንጂ "ያልብሱት" አላለም።

ከዚህ መንገድ ምን እንደተማርኩ ለሚጠይቀኝ፣ የሚጮህ ነገር ስታይ ከመደረብህ በፊት ምን እንደደረብክበት እይ እላለሁ። ቤቴ እንደገባሁ የቴሌቪዥናችንን ዳንቴል አነሣሁ፤ ባለቤቴ መልሳ አለበሰችው።

ሰኞ ለእትዬ በላይነሽ ደወልኩ። ለወራት ከድምጿ ኋላ የነበረው ጩኸት የለም። ያ ጩኸት የእሷ ብቸኝነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ከኋላዋ ሰዎች ሲያወሩ፣ አንዱ ሲስቅ፣ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲተፋ ሰማሁ።

"እንዴት ነሽ እትዬ?"

"ደህና ነኝ። ሰው አለብኝ፣ በኋላ ደውል" አለችና ዘጋችው።