የሴጉንዶ ክንድና ስድስቱ ብልቃጥ

ኤርሜሊንዳ ኩዋሳፓስ ካርቺ በሚባል የድንች አገር፣ በአንዲት ጤና ኬላ ሃያ ሰባት ዓመት መርፌ ስትወጋ የሰፈሩን ወንዶች አንድ ቀን አክብራ አታውቅም። ምናቸውን ታክብር? ለድንቹ ትል ሦስት ዓይነት መርዝ በርሜል ውስጥ ይደባልቁና እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ክርናቸው በባዶ ክንድ ያማስሉታል። በእንጨት የሚያማስል ወንድ አይባልም። ጓንት የሚያደርግማ ስሙም አይነሳ። መርዝ የሚጥለው ደመ ደካማውን ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ደማቸውን ለማጠንከር ጠዋት ጠዋት የሸንኮራ አረቄ ይጨልጣሉ።

ከሁሉም የባሰው ጉረኛ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ሴጉንዶ ነው።

"እኔን እኮ መርዙ ራሱ ይፈራኛል እትዬ!" ይላታል።

"ይፈራሃል እንጂ። ባዶ ቤት የማይፈራ ማን አለ?" ትለዋለች ጭንቅላቱን እያየች።

እሷም ብዙ አልተማረችም። ግን ድሮ እዚያው ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሐኪም አስቀምጠው አስረድተዋታል። ሰውነታችን ውስጥ እኛ ሳናዛቸው የሚሠሩ ሁለት ሠራተኞች አሉ አሏት። አንዱ ስንደነግጥ ይነሳል፤ ልብን ያስጋልባል፣ አፍን ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል። ሌላው ስናርፍ ይመጣል፤ ልብን ያዘገያል፣ ምራቅ ያመነጫል፣ አንጀት ያላውሳል። የዚህኛው መልክተኛ አሴቲልኮሊን ይባላል። መልክቱን እንዳደረሰ ወዲያው ተጠርጎ ይጠፋል። የድንቹ መርዝ የሚገድለው ያንን ጠራጊ ነው። ከዚያ መልክተኛው በር ላይ ተከማችቶ ማንኳኳቱን አይተውም፤ ሰውየው በአፉም በዓይኑም በሳንባውም ውሃ ይሆናል። አትሮፒን የሚባለው መድኃኒት ደግሞ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ አላስገባም ይላል።

ይሄንን በሰፈር ስብሰባ ላይ ብትነግራቸው ሳቁባት። እሷም ዳግመኛ አፏን አላበላሸችም።

አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የሴጉንዶ የሥራ ጓደኛ ፋውስቶ ፓስፑኤል ሴጉንዶን ተሸክሞ ገባ።

"ሰክሮ ነው እትዬ፣ አትደንግጪ። ሎሚ ነገር ስጪው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?"

"ሁለት ሰዓት ይሆነዋል። ይብረድለት ብለን ጆንያ ላይ አስተኛነው።"

አረቄ አረቄ መሽተቱስ ይሸታል። ግን ምራቁ አንገቱ ድረስ ወርዷል፣ ሱሪው ርሷል፣ ደረቱ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል። የዓይኑን ቆብ ገልጣ አየች። ብሌኑ የመርፌ ጫፍ አክሏል።

"ሰካራም ዓይኑ እንዲህ ይሆናል? ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰው ሲሞት ቁጭ ብላችሁ አያችሁ! በጎች! ልብሱን አውልቅለትና ገላውን በሳሙና እጠበው። መጀመሪያ ጓንት አድርግ።"

"ኧረ እትዬ፣ ወንድ ልጅ ጓንት..."

"ወንድ ልጅማ ያውልህ፣ ሱሪው ላይ ሸንቶ ተኝቷል። አድርግ!"

አደረገ።

ሐኪም ያለው ከተማ ነው። ደውላ አምቡላንስ ጠራች፤ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ስድስት ብልቃጥ አትሮፒን ብቻ ነው። አንድ ወጋችው። አምስት ደቂቃ ጠብቃ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አደረገች፤ ያው መንተክተክ ነው። እጥፍ አድርጋ ሁለት ወጋችው። አሁንም ያው። ሕጉ እጥፍ እያደረጉ መሄድ ነው፤ አሁን አራት ያስፈልጋታል፣ የቀራት ሦስት። ሦስቱን ባንዴ ቀዳች። ልቧ ጋለበ፣ አፏ ኩበት ሆነ። ያ የድንጋጤው ሠራተኛ እሷ ውስጥ ተነስቷል። "ለዚህ ደደብ ብዬ ነው እንዲህ የምሆነው?" አለችና ራሷንም ናቀች። ወጋችው።

ከዚያ ጠበቀች። ፋውስቶ ጓንቱን እንዳጠለቀ ጥግ ላይ ቆሞ ማርያምን ይለምናል።

ቀስ በቀስ ደረቱ ደረቀ። አርባ ሁለት የነበረው የልቡ ምት ዘጠና ገባ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ፣ መድኃኒቱ ሲበዛ እንደሚያደርገውም መቃዠት ጀመረ። ከአንሶላው ላይ የሌለ ድንች እየለቀመ "ይሄ ትል በልቶታል፣ ይሄ ትል በልቶታል" ይላል።

"ትል የበላውስ ያንተን ጭንቅላት ነው" አለች ኤርሜሊንዳ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። አምቡላንሱ ሲደርስ ሴጉንዶ እየተነፈሰ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ከሆስፒታል ተመለሰ። "ያ አረቄ የተበላሸ ነበር" ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ፋውስቶም ራሱን እየነቀነቀ "የተበላሸ ነበር" አለ።

ወር ሳይሞላ በማሳው በኩል ስታልፍ ሴጉንዶ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ አየችው።

"እትዬ! ይኸው ባልሽው በእንጨት ነው የማማስለው! ደስ አለሽ?"

ቀረብ ብላ አየች። እንጨቱ ስንዝር አይሞላም። እጁ እስከ አንጓው መርዙ ውስጥ ገብቷል።

መንገዷን ቀጠለች። ጤና ኬላው ስትደርስ የመድኃኒት መጠየቂያውን አውጥታ፣ አትሮፒን ከሚለው ጎን ሁልጊዜ ስድስት የምትጽፈውን አሥራ ሁለት ብላ ጻፈች።