ከመጨረሻው ገጽ የጀመርናት ዶሮ

ከደሴ የወጣሁት ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አመሻሹ ላይ ነው። ባለቤቴ ከድጃ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ አሰረችው፣ ሦስት ጊዜ ፈታችው። በሶ ጨመረች፣ በርበሬ ጨመረች፣ ወፍራሙን ሹራቤን ሳስገባ ደግሞ "አንተ ሰውዬ፣ የምትሄደው እሳት ውስጥ ነው፣ ለማን ልትለብሰው ነው?" ብላ አወጣችው። ዞር ስትል በሹራቡ ቦታ አንዲት ቀጭን የልጆች መጽሐፍ ሸጎጥኩ። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኜ የቤተ መጻሕፍቱን በር ጠብቄያለሁ፤ ወደ ውስጥ የምገባው ግን ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነበር። ጡረታ ስወጣ ይህችን ሰጡኝ። አእምሮዬን መዝነው መሰለኝ የሰባት ዓመት ልጅ መጽሐፍ የመረጡልኝ።

"ልጅቷን ይዘህልኝ ና" አለችኝ ከድጃ በሩ ላይ። አምስት ልጆቻችን ተራ በተራ በዚያው በር ወጥተው ቀርተዋል።

ልጅቷ ያለቻት የልጅ ልጃችንን ሂክማን ነው። እናቷ ራውዳ ሪያድ ውስጥ ነርስ ናት፤ ባሏ የሚሠራው ሌላ ከተማ ነው። ነገሩን በስልክ ቆርጣ ነግራናለች። ሂክማ የምትውልበት የዐረብ መዋዕለ ሕፃናት አልቋል፤ ያገራችን ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ደግሞ የሚቀበላት ተፈትና አማርኛ ካነበበች ብቻ ነው። "ቤት ቆልፌባት ሥራ አልገባም። ካላነበበች ከአባዬ ጋር ወደ ደሴ ትሂድ" አለች። እንግዲህ ልጄ በሦስት ወር ቪዛ የጠራችኝ ልጅቷን እንዳስነብብ ነው፤ ባለቤቴ የላከችኝ ሳላስነብብ ይዣት እንድመለስ። ከድጃ ትንሽ አልጋ እንኳ አሠርታ ጨርሳለች።

ሪያድ ኤርፖርት ላይ ሻንጣ የሚፈትሸው ጎረምሳ በርበሬውን አሸተተና ሦስቴ አስነጥሶ በቂም ዓይን አየኝ። ቀጥሎ መጽሐፏን አነሣ። እንደ ዐረብኛ መጽሐፍ ከቀኝ፣ ማለትም ከመጨረሻው ገጽ ገለጣት።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የልጆች ኪታብ" አልኩ በመድረሳ ዐረብኛዬ።

"ዶሮዋ ለምን ብቻዋን ሆነች?"

"ልጆቿን ሸለምጥማጥ ወሰደባት።" ሸለምጥማጥ በዐረብኛ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ ጥፍሬን አውጥቼ ጥርሴን አሳየሁት። ያሉኝ አራት ናቸው።

"ይህንን ነው ለሕፃን የምታነበው?"

"በሩን አልዘጋችም ነበር። ትምህርት አለው።"

"ያላ፣ እለፍ" አለኝ፣ እንዲህ ዓይነት አባት ያላቸው ልጆቼ ያሳዘኑት ይመስላል።

የራውዳ ቤት ሙረባዕ የሚባል ሰፈር ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። እናንተ ደሴ ያላችሁ፣ ጭጋጉ ቤት ድረስ ገብቶ አብሯችሁ ሲቀመጥ አታማርሩ። እዚህ ቀዝቃዛ ተብሎ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ሻይ ያፈላል። ሩዙ በትልቅ ሳህን ተከምሮ ይቀርባል፤ በልቼ ስጨርስ ምሳ መቼ ነው እላለሁ።

ሂክማ ሰባት ዓመቷ ነው። በጥርስ ትበልጠኛለች ማለት ያስቸግራል፣ የፊቶቹ ወልቀዋል። አማርኛ ትናገራለች፣ ፊደሉንም እናቷ አስቆጥራታለች። ፊደሉን ገጣጥሞ ማንበብ ሲመጣ ግን "ማ አብጋ" ትላለች፣ አልፈልግም ማለቷ ነው። መጽሐፏን ከኋላ በገለጠች ቁጥር "መግቢያው በዚህ ነው" እያልኩ አዞርኩባት። እንዳረፈደ ተማሪ በር ላይ አቆምኳት። ዘበኛ ነኝና ሌላ ሙያ የለኝም።

በሁለተኛው ወር መጽሐፏ ጠፋች። ስንፈልግ ሰንብተን ራውዳ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ አገኘቻት፣ ደግነቱ ሳትታጠብ።

"አባዬ፣ ለፈተናው ሠላሳ ቀን ነው የቀረን" አለችኝ። "ልጄን ልትወስድብኝ ነው እንዴ የመጣኸው?"

መጽሐፏን ተቀብዬ በእጅጌዬ ጠረግኳት። ስለ ትንሿ አልጋ አልነገርኳትም።

በማግስቱ ሂክማ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ መጽሐፏን ከኋላ ገልጣ ለብቻዋ ታወራለች።

"ምን እያልሽ ነው?"

"ሸለምጥማጡ ጫጩቷን መለሰላት። አሁን ሌላዋን ሊያመጣ ሄደ።"

አጎንብሼ አየሁ። እውነትም ከኋላ ሲመጡ ዶሮዋ መጀመሪያ ብቻዋን ናት። ገጹ ሲገለጥ አንድ ጫጩት፣ ደግሞ ሲገለጥ ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ ሰባት። ያን ሁሉ ዘመን መጽሐፍ ስጠብቅ በዚያም በኩል በር እንዳለው አላየሁም።

"እኔም ልግባ?" አልኳት።

"ግባ። ግን ዶሮዋን አንተ ሁን።"

ከዚያ ወዲያ ገጹን በእሷ በኩል ገለጥን፣ መስመሩን ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ ሄድንበት። እኔ አስካካለሁ፣ እሷ "ቆይ፣ እዚህ ጋ ምን ይላል?" ትለኛለች። "ዓይኔ ደከመ፣ እስቲ እይልኝ" እላለሁ። ዓይኔ አልደከመም ነበር።

አንድ ከሰዓት በሩ ተደበደበ። የቤቱ ባለቤት ነው። የኪራይ ውላችን ሊታደስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታልና ራውዳ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ዶሮ ታረባላችሁ" አለ።

"ኧረ ምንም ዶሮ የለም" አለችው።

"እኔ ራሴ ደረጃው ላይ ሰምቻለሁ።" ወጥ ቤት ገባ፣ አልጋ ሥር አየ።

"ዶሮዋ እኔ ነኝ" አልኩት።

"አንተ?"

አስካካሁለት። ሂክማ መጽሐፏን ይዛ መጥታ "ገና አራት ናቸው፣ ሦስት ይቀሩናል" አለችው በዐረብኛ።

ሰውዬው ጢሙን ይዞ ራውዳን አያት። "አባትሽን ሐኪም አይቶታል?"

"እኔ ነርስ ነኝ" አለችው። "አይድንም።"

"ኸላስ፣ በቃ" ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ አስካካሁ፤ ሞክሩት፣ ቀላል አይደለም።

የፈተናው ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሁለት ዱዓ አደረግኩ። ለሰው የምናገረው አንዱን ብቻ ነው።

መምህርቷ ለሂክማ አይታው የማታውቀው፣ ስለጠፋ ኳስ የሚተርክ መጽሐፍ ሰጠቻት። ሂክማ ከኋላ ገለጠችው።

"ልጄ፣ አያያዙን አታውቂውም እንዴ?" አለች መምህርቷ። ብዕሯን አነሣች።

ሂክማ ወደ እኔ ዞረች። ዝም ብል አብራኝ ትመጣለች። ከድጃ በሩ ላይ ቆማ ታየችኝ። ዝም ብያለሁም፣ ምናልባት ሁለት ትንፋሽ ያህል።

"እህቴ፣ በዚያ በኩል ያስገቧት" አልኩ።

ሂክማ ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች። "ል… ጁ… ኳ… ሱን… አገኘ።" ገጹን ገለጠች፣ አነበበች። ደግሞ ገለጠች።

"ይበቃል፣ አንድ ገጽ ነው የምንፈልገው" አለች መምህርቷ።

"ቆይ፣ የት እንደጠፋ አላየሁም" ብላት ቀጠለች።

መምህርቷ ብዕሯን አስቀምጣ ሰማቻት።

ያን ዕለት ከመግሪብ በኋላ ወደ ደሴ ደወልኩ።

"አነበበች" አልኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማኛል።

"አልሐምዱሊላህ" አለች ከድጃ። "አልጋዋን ሰማያዊ አስቀብቼው ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አንተ ነህ ያስነበብካት?"

"እኔ ዶሮዋን ብቻ ነበርኩ።"

ሂክማ ስልኩን ነጥቃኝ፣ ድምፁን ለሁላችን ከፍታ መጽሐፏን ከኋላ ጀመረችላት። አንድ ጫጩት ተመለሰች። ሁለት። ሦስት።

"ሰባቱም ገቡ?" አለች ከድጃ በመጨረሻ።

"ገቡ፣ እማማ።"

"እንግዲያው በሩን ዝጊው፣ ልጄ።"

ሂክማ መጽሐፏን ቀስ ብላ ከደነችና እኔን አየችኝ። ደሴ ብቻዬን ይዤው የምመለሰው ሻንጣዬ ተከፍቶ አጠገባችን ተቀምጧል።