እግሩ የተቆረጠው ዘበኛ

ልጅ ሳለሁ፣ ሳን ሊያንድሮ ከተማ በምንኖርበት አፓርትመንት ጓሮ፣ የታችኛው ቤት ጎረቤታችን አባባ ሉቾ ከሰል አያይዘው በቆሎ ይጠብሱ ነበር። የፔሩ ሰው ናቸው። አባቴ ሆስፒታል ከተኛ ወዲህ፣ እናቴ ሚልፒታስ ከተማ ፋብሪካ ውላ እስክትመለስ ድረስ የምቆየው እሳቸው ዘንድ ነበር። ያኔ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ፍሙ ፊታቸውን ከታች እያበራው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚያወሩኝን አንድ ቃል ሳላስቀር እሰማ ነበር።

በወጣትነታቸው ጥንታዊ መቃብር ሲቆፈር የቀን ሠራተኛ ሆነው አፈር ተሸክመዋል። ከጭቃ ጡብ በተሠራ ኮረብታ ሆድ ውስጥ አንድ ጌታ በወርቅ ተሸፍኖ ተኝቶ አገኘን አሉኝ። በሕይወቱ ሳለ ምርኮኞች እየታረዱ ደማቸው በዋንጫ ይቀርብ ነበር፤ ሲሞት ደግሞ ብቻውን እንዳይሄድ ሴቶቹን፣ ወታደሩን፣ ውሻውን ሳይቀር አብረው ቀበሩለት። ከሁሉም በላይ፣ በመቃብሩ አናት፣ አንድ ዘበኛ ተቀብሯል። ጥሎት እንዳይሄድ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ተቆርጧል።

«ጫማውስ?» አልኳቸው።

«እግር ለሌለው ጫማ ምን ያደርግለታል? ይልቅ በቆሎሽ አረረ» ብለው ሳቁብኝ። እኔ አልሳቅሁም።

በሳምንቱ አባቴ ሞተ። ቤታችን በሰው ተሞላ፤ በሩ ላይ ጫማ ተከመረ። እናቴ ደረቷን እየመታች «አብራችሁ ቅበሩኝ፣ ብቻውን አትስደዱት» ትላለች። የወሎ ሴት ስታለቅስ እንዲህ እንደምትል ማን ነግሮኝ? የሚደነግጥ ሰው ፈለግሁ፤ አንድም አጣሁ። የአባቴ ጓደኛ ጋሼ ሰይድ «ሴት ቀብር አትሄድም፣ አርፈሽ ቤት ሁኚ» ሲሏት «ከመኪናው አልወርድም፣ ቦታውን ብቻ ልየው» ብላ ለመነቻቸው። እሺ አሏት።

ልትሄድ ነው። ከክምሩ ውስጥ ጥቁር ጫማዋን መዝዤ ኦቭን ውስጥ ደበቅሁት። እግሯን እንደ መቁረጥ መሆኑ የታየኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ፈለገች፣ አጣች። ሴቶቹ የራሳቸውን ሊያውሷት ሲሻሙ፣ እሷ ከአልጋው ሥር የአባቴን ትልቅ የሥራ ጫማ አውጥታ አጠለቀችና ወረደች።

ሊመሽ ሲል ይመስለኛል፣ ሰዉ ዱዓ ላይ ሳለ፣ በደረጃው የአባቴ ኮቴ ተሰማኝ። ከሥራ ሲመጣ እንደሚያደርገው፣ ተረከዙ እንጨቱን እየመታ፣ ቀስ እያለ። እሷን በቦታው አስተኝቶ እሱ መጣ ብዬ አሰብኩ። በሩ ላይ ተለጥፌ «አባዬ ወደዚያው ተመለስ፤ እሷን ስጠኝ» አልኩት።

በሩ ሲከፈት እናቴ ናት። ከመኪና አልወርድም ብላ የሄደችበት የአባቴ ጫማ እስከ ማሰሪያው አፈር በአፈር ሆኗል። የራሷን ከኦቭን ውስጥ ያገኘችው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር፤ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ሳልነግራት አረጀች።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። የዚያ ጌታ ወርቅ ከሐሳቤ ከጠፋ ቆይቷል፤ ዘበኛው ግን እንደቆመ አለ። ለአባቴ ዱዓ ሳደርግ ፊቱ አይመጣልኝም፤ የሚመጣው ያ ኮቴ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያኔ «ተመለስ» ያልኩትን ሰምቶ ይሆን እያልኩ፣ ሰው ደረጃ ሲወጣ በሰማሁ ቁጥር እስከ በሩ ሄጄ እቆማለሁ።