በጨፌው ላይ ያበራሁት መብራት

ከአዲስ አበባ ዳር ካለችው ፉሪ ስንገባ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔና እናቴ የነፋስ ስልኩን ቤት ለቅቀን ከአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየን። እማማ እላቸው ነበር። የገበሬ ቤተሰብ ናቸው፤ ባላቸውም ሞተዋል፣ የእርሻው መሬትም ከእጃቸው ወጥቷል። የቀሯቸው ያ ግቢና ሁለት ላሞች ነበሩ። ከአጥራቸው ወዲያ ጨፌው ይጀምራል። በበጋ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ቄጠማው ከሰው ይረዝማል፣ ውኃውም እግር ይዞ አይለቅም።

የጨፌ ሰዎችን ወሬ የሰማሁት ከእማማ ነው። ላም ሲያልቡ አጠገባቸው ቁጭ ማለት እወድ ነበር።

"ቁመታቸው እዚህ ድረስ ነው" አሉኝ አንድ ቀን፣ እጃቸውን በላሟ ሆድ ልክ ይዘው። "ሲመሽ ውኃው ላይ መብራት ይዘው ይቆማሉ። ሰው መስሎሽ ስትጠጊ ፈንጠር ይላሉ። ደግመሽ ስትጠጊ ደግመው ይርቃሉ።"

"ከዚያ ይገድላሉ?"

"ኧረ እነሱስ ይስቃሉ እንጂ አይገድሉም። ጨዋታ ነው የሚወዱት። የሚገድለው ውኃው ነው።"

ሳቅኩ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ልጃቸውን የወሰዱት የጨፌ ሰዎች እንደሆኑ የነገሩኝ ያን ቀን ነው። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ። በአንድ የክረምት ምሽት የጠፋች ጥጃ ፍለጋ ጨፌው ውስጥ ገባ። ጥጃዋ በራሷ ጊዜ ተመለሰች፤ እሱ አልተመለሰም። ሰፈሩ ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጎ ያገኘው ጋቢውን ብቻ ነበር። ግማሹ ሰው ሰጥሟል አለ፣ ግማሹ ኮብልሎ ወታደር ቤት ገብቷል አለ። እማማ ሁለቱንም አልተቀበሉም።

"የወሰዱትን ሰው መብራት ያስይዙታል" አሉኝ። "የኔም ልጅ ይዞ ይዞራል። አንድ ቀን ወደዚህ መድረሱ አይቀርም።"

ይህን ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። እናቴ ከወላይታ የመጣች፣ ጌታን አጥብቃ የያዘች ጴንጤ ናት። "ጋኔን ነው የሚያወሩልሽ" አለችኝ። "በዚያ ጨፌ እንዳታልፊ። ሰምተሻል?" እንዲህ ትበል እንጂ እማማን ትወዳቸው ነበር። ከምታጸዳበት ክሊኒክ ደክሟት ስትመለስ እንኳ የእማማን እግር በሙቅ ውኃ ሳታጥብ አትተኛም።

ሐምሌ ላይ ነው። ከመዘምራን ልምምድ ስመለስ ቸኩዬ ከብት በሚሄድበት ከፍ ባለ መተላለፊያ ጨፌውን አቋረጥኩ። ወደ እማማ አጥር ስቃረብ የቤታችን ቁልፍ ከኪሴ የለም። አንድ ሰዓት ሊሆን ነው፤ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ጎንበስ ብዬ ቄጠማውን እየገለጥኩ መፈለግ ያዝኩ። ቁልፉን አግኝቼ ቀና ስል እማማ አጥራቸው ጋ ቆመው ወደ እኔ ያያሉ። በዚያ ጨለማ ማንነቴን ሊለዩ አይችሉም።

ለምን እንዳደረግሁት እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቅም። ልጅነት ነው ብዬ ልለፈው። ላስደነግጣቸውና ነገ አብረን ልንስቅበት ፈለግሁ። መብራቱን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረግሁት።

እማማ ዳሌያቸውን ያማቸዋል፤ ሲሄዱ ያነክሳሉ። ያን ምሽት ግን ሮጡ።

"ልጄ! አንተ ነህ?"

ባትሪውን አጥፍቼ ቄጠማው ውስጥ ተቀመጥኩ። እርሳቸው ውኃው ዳር ሲደርሱ ቆሙ፤ ከእኔ አሥር እርምጃ አይርቁም። ከዚያ ልክ ከቅርብ መንገድ ለመጣ ሰው እንደሚያወሩት ማውራት ጀመሩ።

"አባትህ ሞተ" አሉ። "አልታመመም፤ አልተሠቃየም፣ እንዳታስብ። አንተን እየጠራ ነው የሄደው። ጥጃዋ አድጋ ስንት ወለደች መሰለህ። አልጋህን ለማንም አልሰጠሁም። ያን ዕለት ቶሎ አምጣት ብዬ የተቆጣሁህን ተወው፤ ዝናብ ስለነበር ነው።"

ብዙ አወሩ። እየዘነበብኝ ሁሉንም ሰማሁ። ሲመለሱ በሌላ በኩል ዞሬ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ እማማ ሌላ ሰው ሆኑ። የልጃቸውን አልጋ ፀሐይ ላይ አወጡ፣ ፍራሹን በዱላ መቱ፣ ሲያልቡ አንጎራጎሩ። ለእኛም ወተት በነፃ ሰጡን። በየምሽቱ አጥሩ ጋ ቆመው ይጠብቃሉ። "ዛሬ አልመጣም፤ ርቆ ሄዶ ይሆናል" እያሉ ይገባሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንጎራጎሩ ቀረ። ምግቡንም ተዉት።

አንጀቴ አልቻለም። አንድ ምሽት ከማዶ ካለው ደረቅ ቦታ ሆኜ መብራቱን ሁለት ጊዜ ከፍ አደረግሁ። ካጥሩ ሆነው አይተው ደስ ብሏቸው የሚገቡ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን አጥሩ ጋ አልቆሙም፤ ውኃው ዳርም አልቆሙም። ቀጥ ብለው ገቡ። "እማማ!" እያልኩ ሮጬ ስደርስ ውኃው ወገባቸውን ይዟል። በብብታቸው ይዤ እየጎተትኩ አወጣኋቸው። ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ እጄን ጨበጡ።

"አየሽው አይደል? አንቺም አየሽው?"

"አየሁት እማማ" አልኩ።

ከዚያ ወዲያ አልጋ ላይ ዋሉ፤ ሳልም ያዛቸው። እሑድ የእህታቸው ልጆች ሊጠይቁ ሲመጡ አስጠሩኝና "ምስክሬ ይቺ ናት" አሏቸው። አንገቴን ደፋሁ። ወሬው እናቴ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓትም አልፈጀበትም።

"ምንድነው ያየሽው?" አለችኝ በሩን ዘግታ። ሁሉንም ነገርኳት። አልመታችኝም። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

"ነገ ትነግሪያቸዋለሽ።"

"እማዬ፣ ደስ ብሏቸዋል እኮ።"

"በውሸት ደስ ይበላቸው? በጋኔን ስም? ትነግሪያቸዋለሽ አልኩ።"

በማግስቱ እናቴ በር ላይ ቆማ እኔ ከአልጋቸው አጠገብ ተንበርክኬ ተናገርኩ። ስልኬንም አውጥቼ አሳየኋቸው። እማማ ስልኩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

"ሁለቱንም ጊዜ?" አሉ።

"ሁለቱንም።"

"እንግዲያው ያን ሁሉ የነገርኩት ላንቺ ነው።"

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። ቁጣ አልነበረም፤ እያሰቡ ነበር። ለእኔም ለእናቴም ባልሆነ ድምፅ፣ "ያባቱን መሞት ማንም አልነገረውም ማለት ነዋ" አሉ።

ከዚያ በኋላ አልጠሉኝም። ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ ትምህርቴን ይጠይቁኛል። የጨፌ ሰዎችን ግን ሁለተኛ አላነሡም፤ ሲመሽም አጥሩ ጋ አልወጡም። ሳሉ ሳይለቃቸው ኅዳር ላይ ዐረፉ። እናቴ ለቅሶው ላይ ሦስቱንም ቀን ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብላ ዋለች። ከእንግዳ እስከ ጎረቤት ስለ እማማ ደግነት ሲወራ እሷ ዕቃ ልታጥብ ተነሥታ ትወጣ ነበር።

ዘመዶቻቸው ግቢውን ሸጡ፤ እኛም ለቀቅን። ዛሬ ጨፌው የለም። ገልባጭ መኪኖች ወር ሙሉ ገረጋንቲ አፈር ሲደፉበት ከርመው አሁን ፎቅ ተሠርቶበታል። በታክሲ ሳልፍ የትኛው ቦታ ላይ እንደተቀመጥኩ መለየት አልችልም።

ባለፈው ዓመት እናቴ ጡረታ ወጣች። አንድ ከሰዓት አብረን የሽሮ እህል እየለቀምን ሳለ፣ ሳላስበው ጠየቅኳት።

"ባልነግራቸው ይሻል ነበር?"

አንድ ጠጠር ለይታ ጣለች። እናቴ ለጥያቄ መልስ የምታጣ ሴት አይደለችም።

"አላውቅም ልጄ" አለችኝ። "ያኔ አውቅ ነበር።"