የሞላሌ ወፍጮ

በኢሕአዴግ ጊዜ፣ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት በየከተማው ሲስፋፋ፣ እኔም ከሞላሌ ወጥቼ ደብረ ብርሃን የማሽን ጥገና ልማር ገባሁ። ከክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ምላሴ ግን ለሦስት ሴት ይበቃል። ኩሽኔታ መቀየሩ፣ ቺንጋ መወጠሩ፣ ሁሉም ቶሎ ገባኝ። የቤት ናፍቆት ብቻ አልለቀቀኝም። እናቴ ትናፍቀኝ ነበር፤ ሰው እንዳያየኝ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል አስተማሪያችን ወሬ ይዞ መጣ። ሞላሌ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት ጥገና የሚችል ሰው ይፈልጋል፤ በተግባር ፈተናው አንደኛ የወጣ ይሄዳል። ያን ዕለት ምሳ አልበላ አለኝ። ሥራ ውዬ፣ ዱቄት ለብሼ እናቴ ቤት ስገባ ይታየኝ ጀመር።

ፈተናው የናፍጣ ወፍጮ ፈትቶ መጠገን ነበር፤ መጨረሻው የለሰለሰውን ድንጋይ መውቀር። የሞተር ወፍጮ ድንጋይ ከመሐል ወደ ዳር የሚሄዱ ቦዮች አሉት፤ ዱቄቱ የሚወጣው በእነሱ ስለሆነ የሚወቀረውም እነሱን ተከትሎ ነው። ይህ ደብተሬ ላይ ተጽፏል። መዶሻውን ስጨብጥ ግን ደብተሩ ከነጭራሹ ጠፋኝ። እናቴ የእጅ ወፍጮ መውቀር እንዳስተማረችኝ፣ ጠቅ ጠቅ እያደረግሁ ድንጋዩን ከዳር እስከ ዳር ነቆርኩት። እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር! ቤቴ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ።

ቦዮቹ ጠፉ። ለሙከራ ገብስ ሲገባ ዱቄቱ መውጫ አጥቶ ተቃጠለ። አስተማሪው ቆንጠር አድርጎ አሸተተና፣ «አንቺ፣ ይሄ የእናትሽ ወፍጮ መሰለሽ እንዴ?» አለኝ። መጥረጊያ አንስቼ የተቃጠለውን ዱቄት ጠረግሁ። ሞላሌ ሌላ ልጅ ሄደ። እኔ አዲስ አበባ አንድ ፋብሪካ ተቀጠርኩ።

የመጀመሪያ ፈቃዴን አግኝቼ አገሬ ስገባ፣ ነገሩን እንደ ቀልድ ለእናቴ አወራኋት። እኔ እየሳቅሁ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

በማግስቱ ታናሽ እህቴ ወፍጮ ልትወቅር ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ ስትል፣ እናቴ መዶሻውን ከእጇ ወሰደችባት።

«ተይው፣ ልጄ» አለቻት። «አንዷን እኔው ነኝ መውቀር አስተምሬ አዲስ አበባ ያስቀረኋት።»