በፍልሰታ ጾም፣ በብስክሌት ወደ ፍራራ

ማክሰኞ ንጋት፣ ኦክላንድ

ገና ሳይነጋ ሁለት ብስክሌቶች በካርቶን ታሽገው ዳውንታውን ኦክላንድ ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደውን ባቡር ይጠብቃሉ። አጠገባቸው ጋሼ መሓሪ ቆመዋል፤ በወጣትነታቸው አሥመራ ውስጥ የተወዳደሩ፣ አሁን የስድሳ አራት ዓመት ብስክሌት ጠጋኝ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳንሆዜ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። የጉዞውን ፕሮግራም በደቂቃ ከፋፍዬ አትሜዋለሁ። የምንሄደው ሰሜን ጣሊያን፣ ላዲን የሚባል የራሱ ቋንቋ ወዳለው የባዲያ ሸለቆ ነው።

«ጉልበቴን ኦፕሬሽን ካደረግሁ ወዲህ ልጄ ብስክሌቱን ሽጠው እያለች ነው» አሉኝ። «ፍራራ ተራራን እግሬ መሬት ሳይነካ ካለፍኩ ይቆያል። ከነካ እሸጠዋለሁ።»

«ፍልሰታን እየጾሙ?»

«ጾም ያቀላል፣ መምህርት።»

ሐሙስ፣ ባዲያ ሸለቆ

መንገዱ ወንዙን ይከተላል። የእንጨት በረንዳዎች በቀይ አበባ ተሸፍነዋል፤ ከላይ ነጭ ገደል። የመንገዱ ምልክት በላዲን፣ በጀርመንኛና በጣሊያንኛ ተጽፏል። ላዲን የጣሊያንኛ የገጠር አነጋገር እንዳይመስላችሁ፤ ከላቲን በራሱ መንገድ የመጣ ነው። ሰላምታው «ቡን ዴ» ነው። ላገኘሁት ሁሉ አልኩ፤ ለላሞቹም።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ትሬዛ ከጋሼ ጋር በጣሊያንኛ ይጫወታሉ። የልጅ ልጃቸውን ግን በላዲን ሲያዟት ልጅቷ በላዲን ትመልሳለች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የእኔ ተማሪዎች በአማርኛ ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱልኝ።

«እንዴት አደረጓት?» ብዬ በጋሼ አስጠየቅኩ።

«ኬክ በሌላ ቋንቋ ስትለምነኝ ጆሮዬ አይሰማም» አሉ ወይዘሮ ትሬዛ። ወዲያው ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

እራት ላይ ቅቤ፣ አይብና ሥጋ የገባበት የገብስ ሾርባ ቀረበ። ጋሼ ጾመኛ ነኝ አሉ።

«ነገ የማርያም በዓል አይደለም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ትሬዛ።

«የእኛዋ ሳምንት ይቀራታል።»

የቀን አቆጣጠራችንን በናፕኪን ላይ እየሣልኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ወይዘሮ ትሬዛ እስከ ጳጉሜን ታገሡኝና ሾርባውን አንስተው ሄዱ። ሥጋም ቅቤም የሌለው አዲስ ሾርባና በዘይት የተጠበሰ ድንች ይዘው ተመለሱ።

አርብ ረፋድ፣ ፍራራ

ኮርቫራ ከተማ ሴቶች የሚባረክ የአበባ እቅፍ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እኛ ሽቅብ መንዳት ጀመርን። ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው የፊት ጎማቸውን ብቻ ማየት ጀመሩ።

«ይቺ የመጨረሻዋ መታጠፊያ ናት» ብዬ ዋሸሁ። ቀጥሎ ሌላ መጣች። «አሁንስ እውነትም የመጨረሻዋ ናት።»

አራተኛዋ ላይ «ልጆቹንም ቁጥር እንዲህ ነው የምታስተምሪያቸው?» አሉኝ።

ከዚያ የእኔ እግር እምቢ አለ። ወርጄ ብስክሌቴን መግፋት ጀመርኩ፤ እሳቸው እየተወላገዱ ራቁኝ። ከታች ሆኜ አየኋቸው፦ ጫፉ ላይ የተራራው ስም ከተጻፈበት ሰሌዳ አጠገብ ብስክሌተኞች ያጨበጭባሉ፣ ጋሼ ግን ቀና አላሉም።

«ጋሼ፣ አለፉት!»

«አትዋሺኝ!»

ሰሌዳውን አልፈው በወዲያ በኩል ቁልቁል ወረዱ። ጫፉ ላይ ስደርስ ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ ተከተልኳቸው። ሁለት መታጠፊያ አልፌ አገኘኋቸው፤ በአንድ እጃቸው የመንገዱን ዳር ብረት ይዘዋል፣ ሁለቱም እግሮቻቸው ፔዳል ላይ ናቸው።

«መንገዱ እየወረደ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ወርዶ ደግሞ ይወጣል ብዬ ነዋ።»

ወደ ኋላ ጫፉን አሳየኋቸው። ዞረው ተራራውን አዩት።

«ልጄን ኮል አድርጊልኝ።»

«እዚያ ሌሊት ነው።»

«ትነሣ። ስልኩን እስክታነሣ እግሬን አላወርድም።»

ደወልኩና ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው።

«ዳድ? አር ዩ ኦኬይ?»

«ብስክሌቱ አይሸጥም» አሏትና ቀኝ እግራቸውን ሣሩ ላይ አሳረፉ።