በጆሮ የሚነገር ውድቀት

መቱ መነኸሪያ አጠገብ፣ ከጫማ መሸጫ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ለጤና ጣቢያዎች ፕሮግራም እንሠራ ነበር። የሕጻኑ ክብደት ሲገባለት የመድኃኒቱን መጠን አስልቶ የሚያወጣ ነው። ያንን የስሌት ክፍል የጻፉት ጋሼ ናቸው። የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ሌሎቻችንን ሦስታችንንም ክፍል ውስጥ አስተምረውናል። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ እኛው ዘንድ መጥተው ፕሮግራም መጻፍ ተማሩ። እኔ ፈታሿ ነበርኩ። ሌሎች የሠሩትን እንዴት እንደሚበላሽ መፈለግ ነው ሥራዬ። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ አንቺስ ለዚህ ነው የተፈጠርሽው ብላኛለች።

የቡድኑ የፍተሻ ደንብ ነበረን። አዲስ ነገር ሁሉ መብራት እየጠፋ እየበራ ይሞከራል፤ ኔትወርክ በሌለበት ይሞከራል፤ ሁሩሙ ጤና ጣቢያ በገበያ ቀን፣ ወረፋው ከበር ሲያልፍ ይሞከራል። ያለፈው "አልፏል" ተብሎ ይመዘገባል። የወደቀው ግን አይጻፍም። ይህን ማንም አላወጀውም፤ እንዲሁ ኖርንበት። የጋሼ ሥራ ሲወድቅ ጠጋ ብዬ፣ ጋሼ እስቲ ይቺን አንዴ ይዩልኝ እላለሁ። ይገባቸዋል። መነጽራቸውን ይወለውላሉ፣ ያርሙታል፣ እንደገና እፈትሻለሁ፣ ሲያልፍ "አልፏል" ብዬ እጽፋለሁ። አስተማሪዬ ወደቁ ብሎ መጻፍ ለማናችንም የሚታሰብ አልነበረም።

መውለጃዬ ሲቃረብ ሥራዬን የሚረከብ ሰው ጠፋ። አለቃችን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ይተካሻል አለኝ። ደንባችንንና የቆየውን የፍተሻ መዝገብ በሙሉ በረዳቱ የዕውቀት ቋት ውስጥ አስገባለሁ፤ የቀሩት ደግሞ ምን እንደሚፈተሽ እሱን እየጠየቁ ይሠራሉ። ማሽን ይተካሻል ሲባል ማን ደስ ይለዋል? ግን ደረጃውን መውጣት ራሱ ተራራ ሆኖብኝ ነበርና እሺ አልኩ። በአማርኛም በኦሮምኛም የተጻፈውን ለቃቅሜ አስገባሁ።

ሳበቃ ሞከርኩት። ጋሼ የስሌቱን ክፍል በዚያው ሰሞን ነካክተውት ስለነበር ምን ምን ልፈትሽ ብዬ ጠየቅሁት። ረዳቱ ትሕትና በሞላው አማርኛ፣ ይህ ክፍል በመዝገቡ ውስጥ አንድም ጊዜ ወድቆ ስለማያውቅ ቀለል ያለ ፍተሻ ይበቃዋል አለኝ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለው ይህ ነው።

ክው አልኩ። ከፕሮግራሙ ሁሉ ደጋግሞ የሚወድቀው እኮ እሱ ነበር። መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ የቀድሞው ሕጻን ክብደት እዚያው ይቀርና የሚቀጥለው ሕጻን መድኃኒት በዚያ ይሰላል። ጋሼ ያርሙታል፤ ሌላ ነገር ሲነኩ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ጤና ጣቢያ ሳይደርስ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ የት እንደምፈልገው ስለማውቅ። ረዳቱ አልዋሸም፤ የሰጠነውን ነው ያነበበው። የቀረው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ እኔ ደግሞ መሄዴ ነው። ሆዴ ውስጥ ያለችው ስትገላበጥ ኖፓና ሁሩሙ ጤና ጣቢያ የሚመዘኑት ሕጻናት ታሰቡኝና ፈራሁ።

ውድቀቶቹን አንድ በአንድ አስታውሼ ጻፍኩ። ሳነበው ከላይ እስከ ታች ጋሼ ብቻ ናቸው። ሳይነግሩ ማስገባት ነውር መሰለኝና የሁሩሙ ማር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ማሩን ሲያዩ ምን አጥፍተሽ ነው አሉኝ። ዙሪያ ጥምጥም ብዬ ነገርኳቸው፤ ስም ሳልጠራ "የስሌት ክፍል" ብዬ ብቻ እጽፋለሁ አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉ ጀመር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ያስቀየምኳቸው መሰለኝ።

"ኢንታላ ኮ" አሉ በመጨረሻ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ሳስተምርሽ የተሳሳትሽውን በቀይ አላሰመርኩብሽም?"

"አስምረውብኛል፣ ጋሼ።"

"ጠላሽኝ?"

"ያኔማ ጠልቼዎት ነበር።"

ሳቁ። ከዚያ የጻፍኩትን እንዳነብላቸው አዘዙኝ። እኔ ያላገኘሁትን፣ እሳቸው ዝም ብለው ያረሙትን ሳይቀር ጨመሩበት። ስማቸውም እንዲገባ አሉ፤ ባለቤቱን ካላወቁ ማንን ይጠይቃሉ ብለው። ስነሳ አንድ ደንብ አስጨመሩኝ።

"መብራት ሄዶ ሲመጣ የቀድሞው ክብደት ይጥፋ። ሕጻኑ እንደገና ይመዘን። የሚቆጣ ይቆጣ።"

እንዳሉት አስገባሁ። ረዳቱን ያንኑ ጥያቄ ስጠይቀው፣ ይህ ክፍል ደጋግሞ ወድቋል፣ መብራት እያጠፋችሁ ሳትሞክሩ አታውጡት አለኝ። ጋሼም ክፍሉን በአዲሱ ደንብ መልሰው ሊጽፉት ተቀመጡ። እኔ ሄጄ ሴት ልጅ ወለድኩ።

ከአራስ ቤት ከወጣሁ በኋላ ልጄን ትኩሳት ይዟት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ መዝና ክብደቷን አስገባች። ወዲያው መብራት ሄደ። ሲመለስ ስክሪኑ ባዶ ነበር፤ ሕጻኑን እንደገና ይመዝኑ ይላል። ነርሷ ተነጫነጨች፤ መብራት በሄደ ቁጥር እንዲህ ያደርገናል፣ ወረፋውን አታዪም ወይ አለችኝ። እኔ ግን ኩራት ኩራት አለኝ። የሠሩትን ሰው አውቃቸዋለሁ፣ ስሞታሽን አደርስልሻለሁ አልኳት፣ ስማቸውንም ጠራሁ።

እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

"አልነገሩሽም እንዴ?" አለች።

ለአራስ መርዶ አይነገርም። ጋሼ ከተቀበሩ ሰንብተዋል። ሊጠይቁኝ የመጡት ባልደረቦቼ፣ ጋሼ እንዴት ናቸው ባልኩ ቁጥር፣ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል እያሉኝ ገንፎዬን በልተው ሄደዋል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ እኔም የጋሼን ውድቀት ሳልጽፍ እንዲሁ ሳዝንላቸው ነው የኖርኩት። ቢሆንም ተቆጣሁ፣ አሁንም አልበረደልኝም። ቀብራቸው ላይ መቆም ነበረብኝ።

ነርሷ ይቅርታ ትለኛለች። ከኋላዬ ያሉት እናቶች ቶሎ በይ ይላሉ። ልጄን አቀፍኳትና ሚዛኑ ላይ እንደገና አስቀመጥኳት።